በርበሬ ተሰብሮ በርና በሬ ሲሆን



የግድግዳ ጋዜጣ የሚነበበው ቆሞ ነውና እግራችሁ ሳይዝል ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ ነው። ከትንሽነቱ የተነሣ ብዙ ሰው ጉዳይ ነው ብሎም አይቈጥረው። ይኸውም አንድ የአማርኛ ቃል ከመስመር መጨረሻ ደርሶ ቦታ ሲያጥረው ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ነው። እንዳለ ወደ ታችኛው መስመር ይውረድ? ወይስ ይሰበርና ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ይሁን? ከተሰበረስ ምልክት ይደረግበት ወይስ አይደረግበት? ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን የሚወስነው ማን ነው?

«ይኼ የአታሚ ሥራ እንጂ የመምህር ሥራ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ድሮ ቢሆን እውነቱን ነው። መምህሩ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የመጽሐፉን ነገር ግን ማተሚያ ቤት ያውቅበታል። ዛሬ እያንዳንዳችን ትንሽ ማተሚያ ቤት ሆነናል። የፈተና ወረቀት፣ የንባብ ወረቀት፣ የወላጆች ማስታወቂያ፣ ይህችም ጋዜጣ ሳትቀር፣ ሁሉ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ይጻፍና ይባዛል። የፊደል ለቃሚው መሣሪያ እጃችን ገብቷል፤ ሙያው ግን አብሮ አልመጣም። ሙያው በሌለበት ቦታ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ይወስናል። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን «ዲፎልት» ይሉታል። ማንም ሳይነካው ፕሮግራሙ ከፋብሪካው እንደ ወጣ የሚሠራበት ሁኔታ ማለት ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ አንነካውም። እንግዲህ ዲፎልቱን የወሰነ ሰው፣ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ የሚጻፈውን ገጽ ሁሉ አስቀድሞ ወሰነ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኔ ጉዳይ የሆነው ለማስተማር ልምምድ በተመደብሁበት አንድ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። «እሱ እንኳ ማንበብ አይችልም» ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮኛል። የንባቡ ወረቀት በቀኝ በኩል የገበያ ሥዕል አለበት፤ ጽሑፉ በግራ በኩል በጠባብ ዓምድ ተጽፏል። ልጁ ተራው ደርሶ ተነሣ፤ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እየጎተተ እንዲህ ሲል አነበበ፦ «እማማ ከገበያ በር… በሬ ገዛች።» ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። ልጁ ተቀመጠ፤ ያን ቀን እጁን እንደገና አላወጣም።

ወረቀቱን አንሥቼ ብመለከተው ጽሑፉ የሚከተለው ነበር፦

እማማ ከገበያ በር
በሬ ገዛች።

ልብ በሉልኝ፤ ልጁ ያነበበው የተጻፈውን ነው። በመስመሩ መጨረሻ ላይ «በር» የሚል ሙሉ ቃል አለ። በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ «በሬ» የሚል ሌላ ሙሉ ቃል አለ። በመካከላቸው «ቃሉ ገና አላለቀም» የሚል አንዳች ምልክት የለም። ሌሎቹ ልጆች «በርበሬ» ብለው ያለፉት መምህሩ ቀደም ብሎ ሲያነበው ሰምተው በቃላቸው ስለያዙት ነው። በቃሉ ያልያዘውና ፊደሉን አምኖ ያነበበው አንዱ ልጅ ብቻ ነበር። የተሣቀበትም እሱ ነው። በማግሥቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር ጻፍሁለት። ሳይደናቀፍ አነበበው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። «ማንበብ አይችልም» የተባለ ልጅ ስንቱን ነገር ትቶ ይሆን የሚያድገው? እኛ ወደፊት በየክፍሉ ስንገባ የልጅን ድክመት የመመዝገብ ሥልጣን ይኖረናል። ከመመዝገባችን በፊት ወረቀቱን መመርመር ይገባን ይመስለኛል።

ወረቀቱ የተተየበው እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ልደታ ነው። ሰፈራችንን የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ በልደታው ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ክስ የሚጽፉ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ ትናንሽ ጽሕፈት ቤቶች ተደርድረው ይገኛሉ። በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ሆነው ጣታቸው የማያርፍ ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን የተየቡት ሴትዮ ዘንድ ሄጄ «እትዬ፣ ይህን ቃል እዚህ ላይ ለምን ቈረጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ላድርግ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ካልቈረጥሁት እኮ መስመሩ ጥርሱ እንደ ወላለቀ አፍ ይሆናል።» ከዚያም ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙረው አሳዩኝ። ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ጽሑፉን «ጀስቲፋይ» ሲያደርጉት፣ ረጅሙ ቃል ወደ ታች ይወርድና ከላይ የቀሩት ሁለት ሦስት ቃላት ሰፊ ባዶ ቦታ እየተውለት ይራራቃሉ። እውነትም ያስጠላል። ስለዚህ እሳቸው ቃሉ የሚበቃው ድረስ ይጽፉና «ኢንተር» የሚባለውን ቁልፍ መትተው የቀረውን ወደ ታች ያወርዱታል። ሙያተኛ ናቸው፤ ገጹ እንዲያምር ነው የደከሙት።

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ለሕፃናት እንዲመች ብለን ፊደሉን ከፍ ስናደርገው መስመሮቹ ሁሉ ቦታ ተለዋወጡ። በእጅ የተቈረጡት ቃላት ግን እንደተቈረጡ ቀሩ። መስመሩ ገና ከመካከሉ ሳይደርስ «በር» ብሎ ይቆማል፤ «በሬ» ብሎ ከታች ይጀምራል። ኮምፒውተሩን «በርበሬ የሚለውን ቃል ፈልግ» ብንለውም አያገኘውም፤ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በእጅ የተሰበረ ቃል ማለት ወጌሻ እንዳላየው ስብራት ነው፤ እንደተጣመመ ይጠናል።

አማርኛችን በዚህ በኩል የተለየ ችግር አለበት። ቃላቱ ጓዛቸውን ተሸክመው የሚሄዱ ናቸው። እንግሊዝኛ በአራትና በአምስት ትናንሽ ቃላት የሚለውን እኛ በአንድ ቃል እንለዋለን። «ስለማያስፈልጋቸው» ዐሥር ፊደል ነው። «እንዲያስተዋውቋቸው» ዐሥራ አንድ ነው። እነዚህን በጠባብ ዓምድ ውስጥ ሳይሰብሩ መደርደር ጣውላ በከረጢት እንደ መያዝ ነው።

ታዲያ አባቶቻችን እንዴት ያደርጉት ነበር? ብራና ውድ ነው። ቍም ጸሓፊው ቆዳውን ፍቆ፣ መስመሩን በወስፌ አስምሮ፣ ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ከፍሎ ሲጽፍ፣ ቃሉ ከመስመሩ ጫፍ ሲደርስ ከደረሰበት ፊደል ላይ ይሰብረውና የቀረውን ከታች ይቀጥላል። ጭረት የለ፣ ምልክት የለ። ይህን ማድረግ የቻለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የፊደላችን ጠባይ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ይዟል፤ ሳድሱ አንዳንዴ አናባቢ ባይኖረውም እንኳ ፊደሉ ራሱን የቻለ ነው። ላቲን ፊደል የሚጠቀሙ ሰዎች ግን ቃሉን በክፍለ ቃሉ ካልሰበሩት አንባቢው ይሳሳታል።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ሁለት ነጥብ ነው። እስቲ ያንን የልጁን ዓረፍተ ነገር በአባቶቻችን ሥርዓት እንጻፈው፦

እማማ፡ከገበያ፡በር
በሬ፡ገዛች።

ያያችሁት ነገር አለ? ከ«እማማ» በኋላ ሁለት ነጥብ አለ፤ ቃሉ አልቋል። ከ«ከገበያ» በኋላም አለ። ከ«በር» በኋላ ግን የለም! ስለዚህ አንባቢው ቃሉ እንዳላለቀ ያውቃል፤ ዐይኑን ወደ ታች ጥሎ «በሬ»ን ይለቅምና ሁለት ነጥቡን ሲያገኝ «በርበሬ» ይላል። ስብራቱ ምልክት ያላስፈለገው የቃሉ መጨረሻ ምልክት ስለነበረው ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። አባቶቻችን ሁሉንም መጽሐፍ በአንድ ሥርዓት አልጻፉትም። መዝሙረ ዳዊት በቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃናት የሚደግሙት መጽሐፍ መሆኑ የታወቀ ነው። በብራናው ላይ ዳዊት የሚጻፈው ስንኝ በስንኝ ነው። ስንኙ ከመስመሩ ተርፎ ቢገኝ፣ ትርፉ ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች በኩል ይጨመራል እንጂ አዲስ መስመር ይዞ ከሌላው ስንኝ ጋር አይደባለቅም። ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ብራናው እንደ አገልግሎቱ ይጻፋል ማለት ነው፤ ለሚደገመው ሌላ፣ በዓምድ ለሚነበበው ሌላ።

ማተሚያ ሲመጣም ፊደላችን ጠባዩን ይዞ ነው የመጣው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ያሳተመው ይኸው መዝሙረ ዳዊት ነው። በአገራችን ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ጋዜጣ ማለት ጠባብ ዓምድ ማለት ነው፤ ጠባብ ዓምድ ባለበት ደግሞ የቃል ስብራት አይቀርም።

አጎቴ በወጣትነታቸው ፊደል ለቃሚ ነበሩ። በእርሳስ የተቀረጸውን ፊደል አንድ በአንድ ከሳጥኑ እየለቀሙ መስመር ይደረድሩ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሳጥኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ ገምቱት። እሑድ ቡና ላይ የወረቀቱን ታሪክ ብነግራቸው ሣቁና እንዲህ አሉኝ፦ «ስሚ እስቲ። ሁለት ነጥቡ ዘበኛ ነበር። ቃሉ የት እንደገባ፣ የት እንደወጣ የሚመዘግበው እሱ ነው። ዘበኛውን አባርራችሁ ስታበቁ ግቢው ተደፈረ ብላችሁ ትጮኻላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። በጽሕፈት መኪናውም ሆነ በኮምፒውተሩ ዘመን ሁለት ነጥብ ቀስ በቀስ ቀርቶ ባዶ ቦታ ተተካ። በመስመር መካከል ባዶው ቦታ እንደ ሁለት ነጥቡ ያገለግላል። በመስመር መጨረሻ ላይ ግን አያገለግልም፤ ከመስመሩ ጫፍ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነውና! ቃሉ ቢያልቅም ባዶ፣ ባያልቅም ባዶ። ዘበኛው የጠፋው ዘበኛ በሚያስፈልግበት በር ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ቃል መስበርን ለማሽን ያስተማሩ ሰዎች ቀላል ሥራ አልሠሩም። ዶናልድ ክኑት የተባሉት አሜሪካዊ የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ «ቴክ» የተባለውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ፕሮግራም ሠሩ። ተማሪያቸው ፍራንክ ሊያንግ ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ማሽኑ መዝገበ ቃላት ሳይሸከም ቃል የሚሰብርበትን ዘዴ አስገኘ። የጽሑፉን ርእስ ራሱን በጭረት እየሰባበረ ነው የጻፈው። ዘዴው ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ከጥቂት ፊደላት የተሠሩ ቅንጣቢዎች ይዘጋጃሉ፤ በፊደላቱ መካከል ቍጥር ይገባል። ቍጥሩ ጎዶሎ ከሆነ እዚያ ላይ መስበር ይቻላል፤ ሙሉ ከሆነ አይቻልም። ሁለት ቅንጣቢዎች ባይስማሙ ትልቁ ቍጥር ያሸንፋል። ለእንግሊዝኛ 4,447 ቅንጣቢዎች በቁ።

ለእኛስ? አለ። «ቴክ ላይቭ» በሚባለው የቴክ ጥቅል ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተዘጋጀ የመስበሪያ ሕግ አለ፤ አማርኛም ግዕዝም በእሱ ይሠራሉ። እንደ እንግሊዝኛው ብዙ ሺሕ ቅንጣቢ አላስፈለገውም፤ በየፊደሉ መካከል መስበር የሚፈቅድ ነውና። ሙሉው ጥቅል ሲጫን ሕጉ አብሮ ይጫናል። ሰው ቦታ ለመቈጠብ ብሎ ትንሹን ጥቅል የጫነ እንደሆነ ግን የግዕዙ ሕግ ሊቀር ይችላል። ቢኖርም እንኳ «ይህ ጽሑፍ አማርኛ ነው» ተብሎ ካልተነገረው ፕሮግራሙ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ያስባል፤ የእንግሊዝኛው ሕግ ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ አንዱንም ቃል አይሰብርም።

ከቴክ ውጭ ያለውም ያው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በመዝገቡ የመስመር አቈራረጥ ሕግ ፊደላችን ከላቲን ፊደል ጋር ተመድቦ ቃሉ በመካከሉ እንዳይሰበር ተደርጓል፤ መስበር የሚፈቀደው ከባዶ ቦታ ወይም ከሁለት ነጥብ በኋላ ነው። ቻይንኛ ግን በየፊደሉ መካከል እንዲሰበር ተፈቅዶለታል። በአብዛኛው የምንጠቀምበት ማይክሮሶፍት ወርድም ቃል መስበሪያው ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

የስልኩ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስተኛው እትሙ ቃል መስበርን ጀመረ። ለግዕዝ ፊደል የተሠራ ሕግም በውስጡ አለ፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝና ብሊን ይጋሩታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ዐሥረኛው እትም ግን ቃል መስበር ዲፎልቱ ጠፍቶ እንዲመጣ ተወሰነ። ምክንያቱ ቃል እየሰበሩ መስመር መለካት ሥራውን ስለሚያዘገየው ነው። ሕጉ ከስልኩ አልወጣም፤ አሁንም እዚያው ተቀምጧል። የተለወጠው አንድ ቍልፍ ብቻ ነው፤ በዚያች ቍልፍ ግን የገጹ መልክ ተለወጠ። ዲፎልት ማለት ይኼ ነው ጓደኞቼ። ሕጉ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በር ተዘግቶበት የተቀመጠ ሕግ እንደሌለ ይቈጠራል።

እንግዲህ ምን ይሻላል? በመምሪያ ክፍላችን ውስጥ ይህን ሳነሣ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንዱ ወገን «ቃል ፈጽሞ መሰበር የለበትም፤ ልጆችን ያደናግራል፤ ዲፎልቱ ጠፍቶ ይቅር» ይላል። ሌላው ወገን «የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ በፈለገው ፊደል ላይ ያለ ምልክት ይሰበር» ይላል። በበኩሌ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን እውነት ይዘዋል እላለሁ።

የመጀመሪያው ወገን ስለ ልጆች የተናገረው ልክ ነው። ግን ዲፎልቱ ጠፍቶ ሲመጣ ቃል መሰበሩ አይቀርም፤ ሰው በእጁ ይሰብረዋል። የልደታዋ ጸሐፊ ያደረጉትም እሱን ነው። ማሽኑ የሰበረው ቃል መስመሩ ሲዛወር ራሱ ይገጥማል፤ ሰው በእጁ የሰበረው ግን እንደተሰበረ ይቀራል። ማሽኑን «አትስበር» ለማለት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ በእጅ የተሰበረውን ለመጠገን ገጹን በሙሉ መልቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ወገን ስለ አባቶቻችን የተናገረውም ልክ ነው። ግን አባቶቻችን ሁለት ነጥብ ነበራቸው። እኛ ዘበኛውን አሰናብተን የእነሱን ነፃነት ብቻ እንውሰድ ብንል አንባቢውን እንበድላለን።

ስለዚህ የእኔ አሳብ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ፕሮግራሞቹ አማርኛ ሲጻፍባቸው ቃል መስበሪያቸው ሳይነካ በርቶ ይምጣ፤ ማጥፋቱ ለጸሐፊው ይተው። ነገር ግን ቃሉ ሲሰበር በባዶ ቦታ ለተጻፈ ጽሑፍ ጭረት ይደረግበት፦ «በር-» ተብሎ ከታች «በሬ» ቢባል የትኛውም ልጅ በርና በሬ አይገዛም። በሁለት ነጥብ ለተጻፈው ግን ጭረቱ አያስፈልግም፤ ዘበኛው በቦታው አለና።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ፊደል ያነሰ ብቻውን አይቅር። «ወንድም» የሚለው ቃል «ወንድ» ተብሎ «ም» ብቻዋን ወደ ታች ብትወርድ፣ የወንድምነቱ ነገር ቀርቶ ሌላ ነገር ይሆናል። «አልመጣም» የሚለውም «ም»ዋ ብቻዋን ስትወርድ እንዲሁ ያደናቅፋል። ይህ በፕሮግራሙ ላይ የሚሞላ አንድ ቍጥር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ለሚነበብ ወረቀት መስበሪያውን እናጥፋው። ጽሑፉንም በግራ በኩል ብቻ እናስተካክለው፤ ቀኙ እኩል ካልሆነ ምን ይጐዳል? ከተቻለም አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር እንጻፍ፤ የዳዊትን ሥርዓት ማለቴ ነው።

አራተኛ፣ ማናችንም ቃልን በ«ኢንተር» ቍልፍ አንቍረጥ። ለምናስተይባቸው ጽሕፈት ቤቶችም ይህንኑ በአክብሮት እንንገር። ለጸሐፊዋ የወርድን ማስተካከያ ስናየው «አሁን ገና ገባኝ፤ ለሕፃናቱ ግራውን ብቻ አስተካክላለሁ» ብለዋል፤ ምንም አላስቸገሩም።

አምስተኛ፣ ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን ለፕሮግራሙ እንንገረው። ቋንቋው ያልተነገረው ፕሮግራም አማርኛውን በባዕድ ቋንቋ ሕግ ይዳኘዋል።

ከእኛ መካከል ኮምፒውተር የሚወዱ፣ ወይም በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወንድምና እኅት ያሏቸው ይኖራሉ። እነዚያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በግልጽ የሚሠሩ ናቸው፤ ሰው አሳብ ቢያቀርብ የሚሰማ አላቸው። አሳቡን ማቅረብ ያለበት ግን ፊደሉን የሚያነብና የሚያስተምር ሰው ነው። ሩቅ አገር የተቀመጠ መሐንዲስ «ወንድ» እና «ወንድም» ምን ያህል እንደሚራራቁ ከየት ያውቃል? እኛ ካልነገርነው ማን ይነግረዋል? ባለቤቱ ዝም ያለበትን ከብት ጎረቤት አያግደውም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለኝ። የማስተማሪያ መሣሪያ ዝግጅት በምንማርበት ጊዜ ካርቶን መቍረጥና ቀለም መቀባት እንማራለን፤ ጥሩ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ደግሞ የንባብ ወረቀት እንዴት እንደሚደረደር ቢጨመርልን ብዙ ልጅ ከመሣቂያነት ይድናል። ቃሉ የት እንደሚያልቅ ለልጁ ማሳየት የእኛ የአዋቂዎቹ ግዴታ ነው፤ እሱ የሚያነበው የሰጠነውን ነው።

ይህን ጽሑፍ የምለጥፈው በሦስት ዓምድ ነው። መስበሪያውን ከፍቼዋለሁ፤ ጭረቱንም ታያላችሁ። የተሳሳተ ስብራት ያገኘ በእርሳስ ያክብበት። የተለየ አሳብ ያለው ደግሞ ጽፎ ከጎኑ ይለጥፍ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።

ከአንዲት የአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ
ልደታ፣ አዲስ አበባ